ባለ አስራ ስምንት

«ባለ አስራ ስምንት ነው» አለኝ የሱቁ ልጅ፣ በጥፍሩ አንኳኩቶ፣
እንደ ሐብሐብ ሻጭ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ራሱን በራሱ አስማምቶ።
እኔም አንኳኳሁ።
ምን መስማት እንዳለብኝ ሳላውቅ፣ ሰማሁ አልኩ።
ፊቱ ለስላሳ፣ ቀይ ዳማ፣
ኮምፔርሳቶ ባይሆን፣ ሰው ቢሆን የሚታማ።
ከፈልኩ።

ሚኒባስ እምቢ አለኝ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ
«ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ ነው ግድግዳ?» ብሎኝ ሄደ፣ በሩን ዘግቶ።
ከተክለ ሃይማኖት እስከ ልደታ ተሸከምኩት በራሴ፣
ንፋሱ ሸራ አድርጎት ሲያንሸራትተኝ ከነነፍሴ።
አራተኛ ፎቅ። በየመታጠፊያው፣ በየደረጃው
ጥግ ጥጉን ለግድግዳ ገበረ፤ ይህ ነበር መዋጃው።

ማታ መብራት መጣ። መጋዙን አሳየሁት።
ገና ክንድ ሳልቆርጥ ሆዱን አየሁት፦
መሃሉ ባዶ፣ ጥርሱ እንደ ወለቀ ድድ፤
አለፍ ብሎ ሌላ ዋሻ፣ ለሸረሪት የሚበቃ መንገድ።
ሜትሬን ዘረጋሁ። አስራ አምስት። ደገምኩ። አስራ አምስት፣ ያውም በግድ።
ሦስቱን ሚሊ ማን በላው?
ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ ስንባል፣ ወርቁ ከውስጥ ነበር፤
ይሄ ወርቁን ፊቱን ተቀብቶ፣ ውስጡ ሰም እንኳ የለው፣ አየር።
ብሎን ብሰድበት የሚይዘው አጥቶ ዞረ፣ ዞረ፣
እንደ ሥራ ፈላጊ፣ ከቢሮ ቢሮ ሲል አደረ።
ከታች እትዬ አልጣሽ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን መቱ፤
አስተኛሁ መዶሻዬን። ስድስት ሰዓት ሆኗል ሌሊቱ።

ቅዳሜ ቁራጩን ይዤ ወረድኩ።
ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሠራተኛ ሰፈር ቁምሳጥን ሲሠሩ ያረጁ፣
አሸተቱት፤ እንደ ሐኪም ዓይናቸውን ከድነው፣ ገና ፍርድ ሳያውጁ።
የት ገዛኸው አላሉኝም። ስንት አላሉኝም።
«ሰጋቱራ አለህ?» አሉ።
«ሞልቶ።»
«በኮላ ለውሰው፣ እንደ ሽሮ ይወፍር፤ በቢላ ጫፍ ሆዱ ይግባ፤
የራሱ ዱቄት ነው ቁስሉን ከቁስሉ የሚያግባባ።
ብሎንህን ከጠርዝ አርቀው። ጠርዙን በስስ ዋንዛ ልበጠው።
ስትቆርጥ ፕላስተር ለጥፍበት፣ መጋዙ ፊቱን እንዳይቦጭቀው።»
«የጎበጠውንስ?»
«ጫንበት። ይተኛ» አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

እኔ ቤት ምን ክብደት አለ? ውሃ።
አምስት ቢጫ ጄሪካን፣ ለደረቅ ቀን የተቀመጠ።
ደረደርኳቸው። ጣውላው አቃሰተ፣ ቀስ እያለ፣ ለጥ አለ፣ ተረገጠ።
ማክሰኞ ቧንቧው ደረቀ።
ረቡዕ አንዱን ለወጥ፣ አንዱን ለሽንት ቤት፤
ሐሙስ ሳምራዊት ፀጉሯን ታጠበች፣ ጄሪካን ሙሉ፣ በአንድ ሌሊት።
ዓርብ ብገባ ኮምፔርሳቶው ወገቡን ይዞ ብድግ ብሏል፣
«ማን ነበር የተቀመጠብኝ?» የሚል ይመስላል።
እሁድ ሊነጋ ሲል ቧንቧው ሳለ፣ አስነጠሰ፤
በካልሲዬ ሮጬ ሞላሁ፣ ደግሞ ጫንኩ፣ ደግሞ ተመለሰ።
ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን፤
ውሃ ሲመጣ ይቃናል፣ ውሃ ሲሄድ ይጎብጣል።
ግንበኛ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ያጣራል፤
የኔም ያው ነው፣ ልኩ ውሃ ነበር፣
ውሃው ግን ልክ አልነበረውም።

አሁን መስኮቱ ሥር ቆሟል። ሦስቱ መደብ ቀጥ፣ አራተኛው እምቢ ብሎ ረገብ ያለ።
ሳምራዊት ብይ ታስቀምጥበታለች፤ ከዚህ ጫፍ ለቀቀችው፣ መሃል ገብቶ ተኛ፣ ከዚያ ጫፍም ያው ተንከባለለ።
«ልቀይረው» አልኳት።
«እንዳትነካው!»

ትናንት እትዬ አልጣሽ በሩን አንኳኩ። ለመጥረጊያው ሊወቅሱኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።
መደርደሪያውን ዞረው አዩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ፤ እኔ ዝም እንዳልኩ።
«ለድስቶቼ እንዲህ ያለ ብትሠራልኝ?» አሉ።
ሦስቱ ሚሊ ትዝ አለኝ። «እሺ» አልኩ፣ «ግን አብረን ነው የምንገዛው፤
ፊቱን አናይም፣ ጎኑን ነው የምናየው።»
«እሱን አንተ ታውቃለህ» አሉ፣ ደረጃውን ሲጀምሩ፤
«ብቻ፣ ልጄ፣ በቀን ይሁን።»